ጫፉ የተቆረጠ ስቲኪኒ

እኔ ፈሪ ሰው ያናድደኛል። ይሄን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ኋላ ስለ ጋሼ ቀስበሉ የምለውን ስትሰሙ "ይቺ ሴትዮ ደግሞ ምን ነካት?" እንዳትሉኝ። ለብዙ ዓመት ጎን ለጎን አስተምረናል፤ እኔ ሂሳብ፣ እሳቸው ሳይንስ። በሁለታችን ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ነው። እሳቸው ሲያስነጥሱ የእኔ ተማሪዎች በአንድ ድምፅ "ይማርዎ!" ይላሉ። ስለዚህ የሰውዬውን ፍርሃት በዓይኔ ካየሁት ይልቅ በጆሮዬ የሰማሁት ይበልጣል።

ቀስበሉ የወላጅ ስማቸው አይደለም፤ ተማሪ ያወጣላቸው ነው። ልጆቹ በር ሲያልፉ "ቀስ በሉ"፣ ደረጃ ሲወርዱ "ቀስ በሉ"፣ ውሃ ሲጠጡ እንኳ "ቀስ በሉ፣ ትን ይላችኋል" ሲሉ ይውላሉ። ወንበር ላይ ከመቀመጣቸው በፊት በእጃቸው ነቅነቅ ያደርጉታል። ሻይ ሲቀርብላቸው ብርጭቆው ተሰንጥቆ እንደሆነ ወደ ብርሃን አንስተው ያያሉ። አንድ ጊዜ የመምህራን ክፍሉ አምፖል ብልጭ ድርግም ቢል ሁላችንንም ከነእርማታችን ግቢ አስወጥተው በፀሐይ አቃጥለውናል። አምፖሉ ዛሬም ብልጭ ድርግም ይላል፤ ማንንም አልገደለም።

ክፉ ሰው ግን አይደሉም። ልጅ ላይ ጮኸው አያውቁም፤ ልጆቹም ይወዷቸዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከታላቅ እህታቸው ጋር ነው የሚኖሩት። የእኔዋ ልጅ፣ ቤት ውስጥ ሚጢ የምንላት፣ አራተኛ ክፍል ገብታ እሳቸው ሲደርሷት "እሰይ! ቢያንስ ከደረጃ አትወድቅም" ብዬ ስቄያለሁ። ምን አውቄ!

ነገሩ የመጣው ከዳይሬክተሩ ነው። "ልጆቹ ሲጽፉ ብቻ አይዋሉ፤ በእጃቸው የሚሠሩት ነገር ይኑር" ብለው ለእያንዳንዱ መምህር የተግባር ሥራ አዘዙ። እኔ ልጆቹን ግቢ አስወጥቼ የአጥሩን ርዝመት አስለካኋቸውና ተገላገልኩ። ጋሼ ቀስበሉ ግን ድልድይ ሊያሠሩ ሆነ፣ በስቲኪኒ። አዎ፣ በዚያ በጥርስ መጎርጎሪያው። በቡድን በቡድን ሆነው ይሠራሉ፣ ሁለት ዴስክ መሃል ድልድያቸውን ያጋድማሉ፣ ከሥሩ ጣሳ ይንጠለጠላል፣ ጣሳው ውስጥ ብይ አንድ በአንድ ይጨመራል። ብዙ ብይ የተሸከመ ያሸንፋል። ሦስት ማዕዘን ለምን ጠንካራ እንደሆነ በቃል ከመንገር ይሄ ይሻላል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ሐሳቡን ወድጄው ነበር።

ታዲያ እሳቸው ናቸውና ፍርሃቱ ጀመረ። ስቲኪኒው በምን ይያያዝ? የሚቀልጠው ማጣበቂያ ያቃጥላል። የጫማ ማስቲሽ ራስ ያዞራል። ክር ጣት ላይ ጠምጥመው ደም ሊያስቆሙ ይችላሉ፤ ይሄንን ሲሉ ከልባቸው ነው። በመጨረሻ ውሃ ውስጥ ያደረ ሽምብራ ላይ ወደቁ። ስቲኪኒው ለስላሳው ሽምብራ ላይ ይሰካል፣ ሽምብራው ሲደርቅ ደግሞ ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ቤታቸው አንድ ትንሽ ድልድይ ሠርተው ሞከሩት፤ በደንብ ያዘላቸው።

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት? አላቆሙም። የስቲኪኒውን ሹል ጫፍ አይተው "አንዱ የአንዱን ዓይን ቢወጋስ?" አሉ። ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ጥፍር መቁረጫ ይዘው የስቲኪኒዎቹን ጫፍ፣ ሁለቱንም ጫፍ፣ አንድ በአንድ ሲቆርጡ ዋሉ። እህታቸው ኋላ እንደነገሩኝ "ምንጣፉ ሁሉ ጭረት በጭረት ሆነ፣ ወንድሜ ለየለት ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም"። ሰኞ ዕለት የመምህራን ክፍል ጣታቸው ውሃ ቋጥሮ ሳይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

"ጋሼ፣ ሽምብራውስ? እንዳይነክሳቸው ጥርሱን አላወለቁለትም?" አልኳቸው።

"አንቺ ሳቂ" አሉኝ ውሃ የቋጠረውን ጣታቸውን እያሻሹ። "ዓይን አንዴ ከጠፋ ከየት ይመጣል?"

ያላሰቡት አንድ ነገር ነበር። የሞከሩት ድልድይ የተሠራው ገና ጫፉ ባልተቆረጠው ስቲኪኒ ነው። ከቆረጡት በኋላ አልሞከሩትም። ጫፉ የደነዘ እንጨት ደግሞ ሽምብራ ውስጥ አይገባም፤ ለሁለት ይሰነጥቀዋል።

ልጆቹ ይሄን ያወቁት ገና ሥራው እንደተጀመረ ነው። ልጅ ደግሞ ልጅ ነው፣ መላ አያጣም። የስቲኪኒውን ጫፍ በፊት ጥርሳቸው ቅርጥፍ ቅርጥፍ አድርገው መልሰው አሾሉት። "ወደ አፋችሁ ምንም እንዳታስገቡ" ተብለው ስለነበር በመዳፋቸው ከልለው፣ ዴስክ ሥር ጎንበስ ብለው፣ የሚያስነጥሱ እየመሰሉ ነበር የሚነክሱት። ጋሼ ቀስበሉ የትኛው ጣሳ የማን እግር ላይ ይወድቃል ብለው ወለል ወለሉን ያያሉ። አርባ ልጅ እፊታቸው እንጨት ሲቀረጥፍ አንዱንም አላዩም።

ድልድዮቹ አድረው ደረቁና የውድድሩ ቀን ደረሰ፤ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ክፍልፋይ አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ማለት ይቅርብኝ፤ የማዶው ጩኸት የት ያስተምራል! ልጆቹ ብይ በተጨመረ ቁጥር አብረው ይቆጥራሉ። የእኔዎቹም ደብተራቸውን ትተው አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ጋሼ የየቡድኑን ስቲኪኒ በተለያየ ቀለም ነክረው ነበር። የሚጢ ቡድን ቀይ ነው፤ ጠዋት ነግራኛለች። "ቀይ! ቀይ! ቀይ!" ሲባል የኔዋ ተራ እንደደረሰ አወቅኩና እኔም ጠመኔዬን ይዤ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

ቆጠራው ሄደ ሄደና ቀዝቀዝ አለ። አንዱ "ጎበጠ! ጎበጠ!" ሲል ሰማሁ። ኋላ እንደተረዳሁት በውድድሩ ሕግ ድልድዩ ሲጎብጥ አንድ እንጨት ብቻ ጨምሮ መጠገን ይፈቀዳል። ከዚያ የሚሰባበር ነገር ድምፅ፣ የብይ መንኳለል፣ የልጆች ጩኸትና ሳቅ መጣ። የእኔዎቹም አብረው ሳቁ። እኔም ፈገግ ብያለሁ።

ቀጥሎ የጋሼ ቀስበሉ ድምፅ "ፀጥ!" አለ።

እኚህ ሰውዬ ጮኸው አያውቁም ብያችኋለሁ። በዚያ ግድግዳ በኩል ያን ያህል ዓመት ስሰማቸው እንዲህ ያለ ድምፅ ወጥቷቸው አያውቅም። ከማዶ ኮሽታ ጠፋ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ገና ማንም ምንም አላለኝም፣ ግን ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ በሩ መሄድ ጀምሬ ነበር። በሩን ስከፍት እሳቸው ሊያንኳኩ እጃቸውን እንዳነሱ እፊቴ ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"እህቴ፣ ነይ እስቲ" አሉኝ። "ልጅሽ ስቲኪኒ የዋጠች መሰለኝ።"

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ሚጢ ከተሰበረው ድልድይ አጠገብ ቆማ አንገቷን በእጇ ይዛለች። አታለቅስም። ዓይኗ ብቻ ፈጧል። ለጥገናው የሚሆነውን ስቲኪኒ ነክሳ አሹላ፣ ሁለት እጇ ድልድዩን ስለያዘ እሱን በጥርሷ ይዛ ነበር አሉ። ድልድዩ ሲደረመስ ሁሉም ጮኸ፣ እሷም ደንግጣ ትንፋሿን ሳበች።

"ዋጥሽው?" አልኳት።

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

እኔ ደግሞ ስደነግጥ የሚመጣብኝ ቁጣ ነው። "ምን ሆነሽ ነው እንጨት አፍሽ ውስጥ የምትከቺው! አንቺ ልጅ፣ ከብት ነሽ?" ብዬ ባረቅኩባት። ክፍሉ ሙሉ ልጅ አንገቱን ደፋ። ሚጢ ወደ እኔ አየች፣ ወደ ወለሉ አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ "አልዋጥኩም። ተፍቼዋለሁ" አለች።

"የት?"

"እዚያ ጋ።" በጣቷ ወለሉን፣ መላውን ወለል አሳየችኝ።

አመንኳት። ማመን ፈለግሁና አመንኳት። እጇን ይዤ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ወዳለችው ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ጋሼ ቀስበሉ ጃንጥላቸውን እንኳ ሳይዙ ከኋላችን ተከተሉ። ሲስተሯ ጉሮሮዋን በባትሪ አየች፣ ደረቷን አዳመጠች። "ምንም የለም። ውጣውም ከሆነ እንጨት ነው፣ ከምግብ ጋር ይወርዳል። ዳቦና ሙዝ አብሏት። ሆዷን ከቆረጣት ወይ ካተኮሳት ትመልሻታለሽ" አለችኝ። እፎይ አልኩ። እዚያው በር ላይ ሙዝና ዳቦ ገዝቼ አስያዝኳት፤ ልጅቷም መብላት ጀመረች።

እሳቸው ግን ሲስተሯን አለቀቋትም። "እንጨት በራጅ ይታያል?"

"አይታይም አባባ።"

"ታዲያ በምን እናውቃለን?"

"ይረጋጉ እንጂ" አለቻቸው፣ እኔን በዓይኗ እያየች። እኔም መልሼ አየኋት፤ "እንዲህ ናቸው፣ ምን ይደረግ" በሚል።

መንገድ ላይ እጅጌዬን ያዙኝ። ሴት ቀርቶ ወንድ ባልደረባ እንኳ ነክተው አያውቁም። "ቤት አትውሰጃት" አሉኝ። "ልጆቹን ከቦታችሁ እንዳትንቀሳቀሱ ብያቸዋለሁ። ጽዳቷንም መጥረጊያ ይዛ እንዳትገባ ከልክያለሁ። ተፍታው ከሆነ እንጨቱ ክፍሉ ውስጥ አለ። ክፍሉ ውስጥ ከሌለ ሆዷ ውስጥ ነው።"

"ኤጭ! ጋሼ፣ አሁንስ አበዙት!" አልኳቸው። ግን የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ያሉት ነገር እንደ አማረ እኩሌታ ቀጥ ብሎ ቆመብኝ። ተመለስን።

ልጆቹ እውነትም ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ጋሼ ሰፊ ነጭ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። "ልጆች፣ ቀዩን ድልድይ መልሰን እንሠራዋለን" አሉ። "ወለሉ ላይ ያለ ቀይ ነገር ሁሉ ይለቀም። ቀስ በሉ፣ ከእግራችሁ ሥር እያያችሁ።" ልጆቹ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። የዴስክ ሥር፣ የጫማ ሶል፣ ኪስ፣ የደብተር መሃል ተበረበረ። ሰባራው ከሰባራው ጋር እየገጠመ ወረቀቱ ላይ ይደረደራል። ጋሼ እያንዳንዱን ስንጥር እያነሱ፣ ስብራቱን ከስብራቱ እያስተያዩ "ይሄ የዚህ ነው፣ ይሄ የላይኛው ነው" ይላሉ። የተረፈው፣ ሥራ ላይ ያልዋለው ቀይ ስቲኪኒም በጎን ተደረደረ።

መጀመሪያ ላይ እጄን አጣምሬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ድልድዩ ወረቀቱ ላይ እየሞላ ሲመጣ ግን እጄን ፈትቼ ወደ ወረቀቱ ቀረብኩ። አንድ ሰው ቀስ ብሎ መርዶ ሲነግረኝ ዓይነት ነበር። ወለሉ ላይ ቀይ ነገር አለቀ፤ ለጥገናው የተያዘው እንጨት ግን አልተገኘም። ልጆቹ አንድ በአንድ ባዶ እጃቸውን ይዘው ተነሱ።

ጋሼ ድልድዩ ከነበረበት ዴስክ ላይ በጥፍራቸው አንድ ኢምንት የሆነች ነገር ለቀሙ። የምስር ፍሬ አታህልም። ቀይ የስቲኪኒ ጫፍ ናት፣ ጥርስ ያረፈባት።

"ይቺ የማን ናት?"

ከሚጢ ቡድን የሆነች አንዲት ልጅ "የሷ ናት" አለች። "ለጥገናው ስታሾለው የተፋቻት።"

"ለምን ታሾለዋለች?"

ልጅቷ ግራ ገባት። "ደንዞ አይገባማ ቲቸር። ሁላችንም ነክሰን ነው ያሾልነው።"

ጋሼ ያቺን ጫፍ መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት። ከዚያ "ጫፉ እዚህ አለ" አሉ ድምፃቸው ቀጥኖ፤ "ግንዱስ?"

በዚያን ጊዜ ማን ወለሉ ላይ እንደተደፋ ታውቃላችሁ? እኔ። ቀሚሴን ሰብስቤ ዴስክ ለዴስክ ሥር ተሳብኩ። አቧራውን በመዳፌ ዳበስኩት። የእርሳስ ቅራፊ ባገኘሁ ቁጥር ልቤ ዘሎ ይወጣል። የለም። ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ የፀጉር ሽቦዬን አውጥቼ ቆፈርኩ። የለም። ፈጣሪዬን ለመንኩት፤ አንዲት ቀይ ስንጥር፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም አልኩት። ቀና ስል ሚጢ ግማሽ ሙዟን ይዛ መብላት አቁማለች።

"እማዬ" አለችኝ። "ስለጮህሽብኝ ነው እንጂ አልተፋሁትም።"

ልጄ ከሆዷ እንጨት ይልቅ እኔን ፈርታ ነበር።

ትልቁ ሆስፒታል ድረስ በታክሲ ስንሄድ ሚጢን አቅፌ የምታስገባ የምታወጣውን ትንፋሽ ሁሉ አዳመጥኩ። "አመመሽ?" "አላመመኝም።" "አሁንስ?" "ኧረ አላመመኝም እማዬ!" ለአባቷ ደወልኩ፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ሩቅ አገር ነበር። ስልኩ ውስጥ "ምን? ምን አልሽ?" ሲል ድምፁ ተቆራረጠና ጠፋ። ጋሼ ቀስበሉ በር ጋ ተቀምጠው መሐረባቸው ውስጥ አንድ ነገር ጨብጠዋል።

የተቀበለችን ወጣት ዶክተር ናት። ስልችት ብሏታል፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታይ እንደዋለች ያስታውቃል። እኔ ስንተባተብ አንገቷን ሳታነሳ ትጽፋለች። "ርግጠኛ ናችሁ መዋጧን?" አለች። ጋሼ መሐረቡን ጠረጴዛዋ ላይ ፈቱት። ቀይ ስቲኪኒ ነው፤ የሚጢ ጓደኛ በዚያው ዓይነት ነክሳ ያሾለችው። "ሁሉንም እኔ ነኝ የቆረጥኳቸው፣ ልካቸው አንድ ነው" አሉ። "የጠፋው ይሄን ያህላል። አንዱ ጫፉ እንዲህ የሾለ ነው። ክፍሉን በሙሉ ፈልገናል፣ የለም።"

ዶክተሯ መጻፍ አቆመች። ስቲኪኒውን አንስታ ጫፉን በጣቷ ነካችው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ ያንን ፊት ባላይ ይሻለኝ ነበር።

"ምግብ በልታለች?"

"ሙዝና ዳቦ" አልኩ።

አብራራችልን። ሹል እንጨት አንዳንዴ ምንም ሳያደርግ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ደግሞ አንጀት ይበሳል። እስኪበሳ ድረስ ላያማት ይችላል። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፏ አስገብታ ማውጣት ትችላለች፣ ግን ሆዷ ባዶ ካልሆነ አደጋ አለው፤ ስለዚህ እስከ ጠዋት መጠበቅ ግድ ነው። ልጄን አልጋ ሰጧት። "እንዳትሯሯጥ፣ እንዳትበላ፣ ሆዷን ካመማት ወዲያው ጥሩን" አለችን።

ያንን ሌሊት አልተርክላችሁም። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ሚጢ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ወደ ኮሪደሩ ብወጣ ጋሼ ቀስበሉ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ጥበቃው ዘመድ ያልሆነ ይውጣ ሲላቸው "አስተማሪዋ ነኝ" ብለው እንቢ ብለዋል። ሳያቸው ፍርሃቴ ሁሉ ወደ ቁጣ ተገለበጠና ወረድኩባቸው።

"እርስዎ ነዎት!" አልኳቸው። "ጫፉን ባይቆርጡት ኖሮ ማን አፉ ውስጥ ይከተው ነበር? እስቲ ይንገሩኝ! ማን?"

አልተከራከሩኝም። "አውቃለሁ" አሉ። "ልጅቷ 'ደንዞ አይገባም' ስትለኝ ገባኝ።" መዳፋቸውን እያዩም "ዕድሜ ልኬን የማልፈራው ነገር የለም" አሉኝ። "ፍርሃቴ ሰው ይጎዳል ብዬ ግን አንድ ቀን ፈርቼ አላውቅም።"

ተመልሼ የልጄ ሆድ ላይ እጄን አድርጌ ተቀመጥኩ። ሆዷ ከፍ ዝቅ ሲል ያቺ እንጨት ከውስጥ ወዴት እየዞረች እንደሆነ አስባለሁ። ባዞራት ይወጋታል፣ ባላዞራት ይወጋታል እያልኩ ሳልነቀንቃት ነጋ።

ጠዋት ወሰዷት። በሩ ተዘጋ። እኔ ከበሩ በስተቀኝ፣ ጋሼ በስተግራ ቆምን። አንድ ነርስ ስትወጣ ሁለታችንም እኩል ተንደረደርን፤ ለሌላ ሥራ ነው የወጣችው። ሌላዋ ጓንት ልታመጣ ወጥታ ስትሮጥ ተመለሰች። ለምን ሮጠች? ያቺ ሴትዮ ለምን እንደሮጠች ዛሬም ድረስ አላውቅም፤ ከዚያች ሩጫ የባሰ ነገር ግን በሕይወቴ አላየሁም።

ዶክተሯ ስትወጣ ጭንብሏን ዝቅ አደረገች። "ወጥቷል" አለች።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከጨጓራዋ መውጫ አለፍ ብሎ በአግድም ተሰክቶ ነበር አለች፤ የሾለው ጫፍ የአንጀቷን ግድግዳ መውጋት ጀምሮ። ገና አልበሳውም። "ቤት ይዛችኋት ሄዳችሁ ቢሆን ኖሮ..." ብላ ጀመረችና ተወችው። እኔም እንድትጨርሰው አልፈለግሁም።

ጋሼ ቀስበሉ "ሙሉውን ነው?" አሉ። ዶክተሯ ትንሿን ብልቃጥ አሳየቻቸው። መሐረባቸውን ፈትተው ያንን ሌላውን ስቲኪኒ ከብልቃጡ ጎን ያዙት፤ ለኩት። እኩል ነው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ልመታቸውም ላቅፋቸውም አማረኝ። ሁለቱንም አላደረግኩም፤ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ።

ሚጢ ድና ትምህርት ቤት ስትመለስ እሳቸው ክፍል የሉም። ዳይሬክተሩን "ከእንግዲህ ልጅ ፊት አልቆምም" ብለዋቸው መምህራን ክፍል ውስጥ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይውላሉ። ከግድግዳዬ ማዶ አርባ ልጅ ያለ ተቆጪ ይጯጯሃል። ዴስክ ይጎተታል፣ አንዱ ይወድቃል፣ ይሳቃል። እኔ አንድ መስመር ጽፌ ማዶ ማዶውን አዳምጣለሁ። ልጄ እዚያ ውስጥ ናት። አንድ ሰው በሳለ ቁጥር ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል። ክፍልፋይ ሳስተምር የላዩን ከታቹ ጋር አምታትቼ ልጆቹ አረሙኝ። አልቻልኩም።

በእረፍት ሰዓት ሄጄ እፊታቸው ቆምኩ።

"ጋሼ፣ ይነሱ።"

"ተይኝ እህቴ። የነካሁትን ሁሉ አበላሻለሁ።"

"እርስዎ ባይቆርጡት ኖሮ ልጄ አትውጠውም ነበር" አልኳቸው። "እርስዎ ባይፈሩ ኖሮ ደግሞ ልጄን ዛሬ ቀብሬያት ነበር። ሁለቱንም አልረሳልዎትም። አሁን ይነሱ፣ ልጆቹ ድልድያችን አላለቀም እያሉ ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ጫፉ ያለውን ልስጣቸው? እጄ እሺ አይለኝም።"

"እኔ እሰጣቸዋለሁ።"

ከኋላዬ መጡ። ጥቁር ሰሌዳው ጋ ቆመው "ወደ አፉ የሚያስገባ ቢኖር..." ብለው ጀመሩና ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ልጆቹ ግን ሁሉም ሰምተዋቸዋል። እኔ አዲሱን ፓኮ ቀደድኩ። ጫፉ ያልተነካ፣ እንደ መርፌ የሾለ ስቲኪኒ ነው። በየዴስኩ እየዞርኩ አደልኩ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ስሰጥ ዓይኑን፣ ጉሮሮውን፣ አፉን አያለሁ። ይሄ ሁሉ ሹል ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ እንዳለ፣ ይሄ ሁሉ ለስላሳ ልጅም እንዳለ፣ እንዴት ሆኖ ነው ሰው እስከ ዛሬ ሳይፈራ ያስተማረው እላለሁ በልቤ።

ሚጢ ጋ ደረስኩ። እጇን ዘረጋች። እኔ አልሰጠኋትም፤ ስቲኪኒውን ጨብጬ ቆምኩ። ጋሼ ከሰሌዳው ጋ ያዩኛል። ልጆቹ ያዩኛል።

"እማዬ፣ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ" አልኳት። "ከጣቴ ላይ ውሰጂው።"

ጣቴን ራሷ አላቅቃ ወሰደችውና ሽምብራው ላይ ሰካችው።